ራስን መመርመር ወይስ የሰውን ፊት ማንበብ? ከጎንደር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በጎንደር ከተማ የምኖር የ26 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ፤ በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤትም በመዝሙር ክፍል አገለግላለሁ። በዘንድሮው ከተራ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ እንድሰለፍ ተደረግሁ። ምክንያቱ ቁመት ነው ቢሉኝም ለሳምንታት እንቅልፍ አጣሁ። ማታ ማታ ራሴን ለመመርመር ብዬ ማስታወሻ እይዛለሁ፤ ‹ዛሬ እገሊት ሰላም ስትለኝ ፊቷ ቀዝቀዝ ያለ ነበር›፣ ‹ኃላፊው ሌላዋን አመስግኖ እኔን ዝም አለኝ› የሚል ዓይነት ነገር ነው የምጽፈው። ከጻፍሁ በኋላ ግን ይብስብኛል። እናቴ በልጅነቴ ‹የእገሌን ልጅ አየሽ?› እያለች ስላሳደገችኝ ይመስለኛል። የምጾመውም የምዘምረውም ሰው እንዲያመሰግነኝ መሆኑ ገብቶኛል። ይህ ራስን መመርመር ነውን? የሰውን ምስጋና መሻትስ ከልቤ እንዴት ይወጣል? አገልግሎቱን ልተወው?»

ምላሽ፦ እኅቴ፣ ሥራዬ የሥነ ልቦና ምክር ነው፤ ያደግሁት ደግሞ በዚሁ በጎንደር በአብነት ትምህርት ቤት ደጅ ነው። ጥያቄሽም ሁለቱንም ወገን የሚነካ በመሆኑ አንዱን ይዤ ሌላውን ብተው መልሴ ጎደሎ ይሆናል። ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ የመጀመሪያው የሌሎቹን መልስ ስለሚወስን እርሱን አስቀድማለሁ። በማስታወሻሽ የምታደርጊው ነገር ራስን መመርመር አይደለም። ቀን ያየሻቸውን ፊቶች ማታ በድጋሚ ማንበብ ነው፤ ደብተሩ የአንቺ ቢሆንም በውስጡ የተመረመሩት ሌሎች ናቸው።

ፖል ትራፕኔልና ጄኒፈር ካምፕቤል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ሰው ወደ ራሱ የሚመለከትባቸውን ሁለት መንገዶች ለይተው አሳይተዋል። አንደኛው በሥጋት፣ በማጣትና በመጎዳት ስሜት የሚነዳ ማብሰልሰል ሲሆን፣ ሁለተኛው ስለ ራስ ለማወቅ ካለ እውነተኛ ፍላጎት የሚመነጭ ማሰላሰል ነው። ሁለቱም ዝምታንና ብቸኝነትን ስለሚሹ ከውጭ ለሚያያቸው አንድ ይመስላሉ፤ የሚያፈሩት ፍሬ ግን ለየቅል ነው። ሱዛን ኖለን ሆክሲማም ለዓመታት ባካሄደቻቸው ጥናቶች ሰው የተሰማውን ሐዘን ከነምክንያቱ ደጋግሞ ሲያብሰለስል ሐዘኑ እንደሚረዝም እንጂ እንደማያጥር አሳይታለች። ስለዚህ ከጻፍሽ በኋላ የሚብስብሽ እምነትሽ ደካማ ስለሆነ ወይም ጸሎትሽ ስላልተሰማ አይደለም፤ ማብሰልሰል በማንም ሰው ላይ የሚያደርገውን በአንቺም ላይ እያደረገ ነው።

ሁለቱን ለመለየት የሚያስችልሽ ቀላል መንገድ ከደብተርሽ ውስጥ አለ። የጻፍሻቸውን ዓረፍተ ነገሮች ሰዋስው እንደሚማር ተማሪ አንድ በአንድ ተመልከቺና የእያንዳንዳቸውን ባለቤት ፈልጊ። «እገሊት ሰላም ስትለኝ ፊቷ ቀዝቀዝ ያለ ነበር» በሚለው ውስጥ ባለቤቱ የእርሷ ፊት ነው፤ «ኃላፊው ዝም አለኝ» በሚለው ደግሞ ኃላፊው ነው። አንቺ በሁለቱም ውስጥ የተደረገብሽ እንጂ ያደረግሽ ሰው ሆነሽ አልተገኘሽም። ኀጢአትም ሆነ ምግባር የሚገኘው ሰው ባደረገው፣ በተናገረው፣ ባሰበውና በተወው ነገር ላይ ስለሆነ፣ አንቺ ባለቤት ያልሆንሽበት ዓረፍተ ነገር ለንስሐም ለመሻሻልም የሚያገለግል ነገር አይሰጥሽም። «ያቺ ልጅ ስትመሰገን ቅር አለኝ፣ ስለዚህ ሰላምታዋን በግማሽ አፌ መለስሁ» ብለሽ ብትጽፊ ግን ምርመራው ጀመረ ማለት ነው። ምክንያቱም ያ የራስሽ ነው፤ ልትናዘዢውም ልታርሚውም ትችያለሽ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ሰው ራሱን ይፈትን ብሎ ሲጽፍ ትእዛዙን የሰጠው ወደ ቅዱስ ቁርባን ከመቅረብ ጋር አያይዞ ነው፤ ራሱን የፈተነ ሰው ወደዚያ ማዕድ ይቀርባልና። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓትም ሰው በበደሉ ያዝናል፣ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፣ ቀኖናውን ይፈጽማል፣ ከዚያም ይቆርባል፤ ምርመራው መነሻም መድረሻም አለው ማለት ነው። ያንቺ የማታ ደብተር መድረሻ የለውም፤ ዛሬ የዘጋሽው ነገ በሌላ ስም ይከፈታል፣ ማንም አይፈታውም፣ ማንም «ይበቃሻል» አይልሽም። እኔ ራሴ ከምክር ሥራዬ አንጻር አብልጬ የምመለከተው ምልክት ይኸው ነው፤ እውነተኛ ምርመራ ያልቃል።

የሰውን ምስጋና መሻት ከልብሽ እንዴት እንደሚወጣ ለጠየቅሽው ከመመለሴ በፊት፣ ጥያቄው ራሱ ከሚቻለው በላይ እንዳይጠይቅ ማረም ይገባኛል። ሮይ ባውማይስተርና ማርክ ሊሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረቡት ሰፊ ጽሑፍ ከሰው ጋር አንድ ሆኖ የመኖር ፍላጎት የሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎት መሆኑን ተከራክረዋል። ሊሪና የሥራ ባልደረቦቹ በዚያው ዓመት ባቀረቡት ሐሳብም ለራሳችን የምንሰጠው ግምት በሌሎች ዘንድ ያለንን ተቀባይነት ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ እንደሆነ ገልጸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቿ ሰዎችን በኮምፒዩተር የኳስ ቅብብል ጨዋታ ላይ አስገብተው፣ ኳሷ እንዳትደርሳቸው ሲደረግ አእምሯቸውን በምስል መርምረዋል፤ ከአካል ሕመም ጭንቀት ጋር የሚያያዝ የአእምሮ ክፍል ያን ጊዜ በይበልጥ ሲሠራ ተገኘ። ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር በተደረገ ተራ ጨዋታ መገለል እንዲህ ከተሰማ፣ ለዓመታት አብረሻቸው ከዘመርሻቸው ሰዎች መካከል ወደ ኋላ መደረግ ቢያምሽ የሚያስደንቅ አይደለም። ሕመሙን ኀጢአት አድርገሽ አትቁጠሪው።

«የሰው አስተያየት ግድ አይሰጠኝም» የሚሉትም ቢሆኑ ከዚህ ነጻ አይደሉም። ሊሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ግድ የለንም ያሉትንና ግድ ይለናል ያሉትን ሰዎች ለይተው የመወደድና የመጠላት መልእክት ሰጧቸው፤ ለራሳቸው ያላቸው ግምት የተለዋወጠበት መጠን ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በየመድረኩ «ራስህን ብቻ ስማ፣ ለማንም ግድ አይኑርህ» እያሉ የሚመክሩ ሰዎች ራሳቸው ሊያደርጉት የማይችሉትን ነገር ከአንቺ እየጠየቁ ነው። ንግግሩ ደግሞ የሚጨበጨብለት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

አባቶች ስለዚህ ጉዳይ ምን አሉ ቢባል፣ ከግብፅ በረሃ የተላለፈ አንድ ታሪክ ሁልጊዜ ይነሣል። አንድ ወንድም ወደ ታላቁ አባ መቃርስ መጥቶ እድን ዘንድ ቃል ንገረኝ ቢለው፣ ወደ መቃብር ሄዶ ሙታኑን እንዲሰድብ አዘዘው። ወንድሙም ሄዶ ሰደባቸው፣ ድንጋይም ወረወረባቸው፤ ተመልሶም ምንም እንዳልመለሱለት ተናገረ። በማግስቱ እንዲያመሰግናቸው ላከው፤ ሐዋርያት፣ ቅዱሳን፣ ጻድቃን እያለ ቢያመሰግናቸው አሁንም ዝም አሉት። አባ መቃርስም አንተም መዳን ብትወድ እንደ ሙታኑ ስድብንም ምስጋናንም አትቁጠር አለው። ታሪኩን ብዙ ሰዎች «ምንም አይሰማህ» የሚል ትምህርት አድርገው ይወስዱታል፤ እኔ እንዲህ አልረዳውም። ሙታን የማይመልሱት ስለማይሰማቸው ብቻ ከሆነ ትምህርቱ ለሕያው ሰው አይሆንም፤ አባ መቃርስ ራሱም የመጡበትን ሁሉ ተቀብሎ የሚያዝንና የሚያጽናና ሰው ነበር። ዋናው ነገር ስድቡ ከመንገድህ እንዳያስወጣህ፣ ምስጋናውም እንዳያስቸኩልህ ነው። ሊሰማሽ ይችላል፤ የተሰማሽ ነገር ግን ነገ የምታደርጊውን ሊወስንልሽ አይገባም። መተው የምለውም ይህን ነው።

በዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ጎንደሬ ለቅሶ የሚደርሰው፣ የዕድር መዋጮውን በጊዜው የሚከፍለው፣ የታመመ ጎረቤቱን የሚጠይቀው ሁልጊዜ ልቡ በፍቅር ስለተቃጠለ ብቻ ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለውም ያስነሣዋል። በዚህ መንገድ ስንት ሐዘንተኛ ብቻውን ከመቀመጥ እንደዳነ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ይሉኝታ ቢስ መባልም እስከ ዛሬ ከባድ ስድብ የሆነው በከንቱ አይደለም። ከነውር የሚከለክል ይሉኝታ እና ለመመስገን የሚያሠራ ጉጉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፊተኛው ለሌላው ሰው ቦታ ይሰጣል፤ «ባልሄድ ያዝናሉ» ይላል። ሁለተኛው ሌላውን ሰው መስተዋት ያደርገዋል፤ «መሄዴን አዩልኝ?» ይላል። የምስጋናን ጥማት አስወግዳለሁ ብለሽ ይሉኝታሽንም አብረሽ ብትጥዪ፣ ከራስሽ አልፈሽ ጎረቤቶችሽንም ትጎጃለሽ።

ሁለተኛውን፣ ለመመስገን የሚያሠራውን ጉጉት፣ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ውዳሴ ከንቱ ይሉታል። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው ኢቫግርዮስ ሰውን ከሚዋጉት ስምንት ክፉ ሐሳቦች አንዱ አድርጎ ከትዕቢት ለይቶ አስቀምጦታል። ከእርሱ በኋላ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጻፈው ዮሐንስ ካስያን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ይህን ሐሳብ በሽንኩርት እንደሚመስሉት ይናገራል፤ አንዱን ልባስ ስትልጥ ሌላው ከሥሩ ይገኛል። ጥሩ የለበሰ ሰው በልብሱ ይመካል፤ የተቀደደ ቢለብስ በትሕትናው ይመካል፤ ቢናገር በንግግሩ፣ ዝም ቢል በዝምታው ይመካል። ይህን የማነሣው ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም፤ «ከልቤ እንዴት ይወጣል?» ስትዪ አንድ ቀን ጨርሶ ወጥቶ የምታዪው ነገር እየጠበቅሽ እንደሆነ ስለሚሰማኝ ነው። ንጹሕ መሆንሽን ለማረጋገጥ ልብሽን በየሰዓቱ የምትፈትሺ ከሆነ፣ ፍተሻው ራሱ ሌላ ልባስ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በዚያው በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 4 ያለው ነገር፣ በዘመናችን የምክር መጻሕፍት ፈጽሞ የተዘነጋ ይመስለኛል። በእናንተ ወይም በሰው ዘንድ ቢፈረድብኝ ለእኔ ትንሽ ነገር ነው ካለ በኋላ፣ በራሴም ላይ እንኳ አልፈርድም፣ የሚፈርድብኝ ጌታ ነው ይላል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር የመጀመሪያውን ግማሽ ወስዶ ሁለተኛውን ይተዋል፤ ሰዎችን ከዳኝነት ወንበር አስነሥቶ ሰውየውን ራሱን ያስቀምጥበታል፣ «ራስሽን አድንቂ፣ በመስተዋት ፊት ራስሽን አመስግኚ» ይላል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ተለወጠ እንጂ ችሎቱ አልተዘጋም። አንቺን ደግሞ እንደማውቅሽ ያህል፣ ማለትም ከዚህ አንድ ጥያቄሽ ያህል፣ በራስሽ ላይ ከሰው ሁሉ የከፋሽ ዳኛ ራስሽ ነሽ። ጳውሎስ ፍርዱን ለጌታ ሲተው ግን ሥራውን መመልከት አልተወም፤ ስሕተቱን ያርማል፣ ይወቅሳል፣ ይወቀሳል፣ ይሠራል። የተወው ነገር «እኔ ምን ያህል ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ከደብተርሽ አውጥተሽ «ምን አደረግሁ?» የሚለውን ብቻ ብታስቀሪ፣ እኔ ከምመክርሽ ነገር ሁሉ ትልቁን አድርገሻል።

አገልግሎቱን ልተው ወይ ላልሽው፣ አትተዪ። በክርስቶስ ትምህርት ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለት ትእዛዛት አሉ፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ ይላል፣ በምዕራፍ 6 ደግሞ ለሰው ለመታየት ብላችሁ እንዳታደርጉ ተጠንቀቁ ይላል። ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም አንድ በአንድ ተጠቅሰው በስውር እንዲደረጉ ታዝዟል፤ የሚጾም ሰውም ጾሙ ለሰው እንዳይታይ ፊቱን እንዲታጠብ፣ ራሱንም እንዲቀባ ተነግሮታል። መሥራቱን ተው ግን አልተባለም። ጎርደን ኦልፖርትና ማይክል ሮስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባቀረቡት ጥናት ሃይማኖቱን ለሌላ ጥቅም የሚጠቀምበትንና ሃይማኖቱን የሚኖረውን ሰው ለይተው ነበር፤ ነገር ግን በሥራዬ የማገኛቸው ሰዎች ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ሁለቱን አብረን የምንይዝ ነን። ለመመስገን ብለሽ ጀምረሽ በመካከሉ ዜማው ራሱ ይዞሽ የሄደበት ቀን የለም? እንዳለ እርግጠኛ ነኝ። ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠራ ድረስ ማንም ባይዘምር ኖሮ፣ በጎንደር የከተራ ዕለት ታቦታቱ በዝምታ ይወርዱ ነበር።

ደግሞም መተዉ ራሱ የሚነገር መልእክት ይኖረዋል፤ «ለምን ቀረች?» ተብሎ እንዲጠየቅ፣ ኃላፊው ቤትሽ ድረስ መጥቶ እንዲለምንሽ የሚጠብቅ ልብ ካለሽ ቀድመሽ እወቂው። እኔ የምመክርሽ እስከሚቀጥለው ትልቅ በዓል ድረስ ከኋለኛው ረድፍ እንድትዘምሪ፣ ይህንንም በፈቃድሽ እንድታደርጊው፣ ለምን እንደሆነም ለማንም እንዳትናገሪ ነው። ኃላፊው በራሱ ጊዜ ወደ ፊት ከመለሰሽ ሳትከራከሪ ተመለሺ፤ «አይ፣ እኔ እዚሁ ይሻለኛል» ብሎ መግደርደር ካስያን ካለው ልባስ አንዱ ነውና።

ከሁሉም ምስጋናና ወቀሳ መሸሽ እንደማይገባሽ ደግሞ የከተማችን የአብነት ትምህርት ያስተምርሻል። ጎንደር በአታ ለማርያም የአቋቋም ማስመስከሪያ መሆኗን ታውቂያለሽ፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ተማሪ በመምህሩ ፊት ቆሞ መቋሚያውን፣ ጽናጽሉንና ከበሮውን እንደ ሥርዓቱ እስኪያሳይ ድረስ ይታረማል። መምህሩ «እዚህ ላይ ሳትክ» ሲለው ተማሪው ያፍር ይሆናል፤ የተነገረው ነገር ግን ስለ ዜማው እንጂ ስለ ሰውነቱ ዋጋ አይደለም፣ የተናገረውም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። አንቺም እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልግሻል። ከመዝሙር በኋላ ላገኘሽው ሁሉ «እንዴት ነበርሁ?» ማለትን ተዪና፣ በወር አንድ ጊዜ ዜማ ለሚያውቅ አንድ ሰው «የትኛው ላይ ስቻለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ጎበዝ ነሽ» ብቻ ነው የሚያመጣልሽ፤ ቃሉም እስከ ማታ አይቆይም። ሁለተኛው ግን የሚሠራ ነገር ይሰጥሻል።

አሁን ወደ ዕለት ተዕለቱ ልምምድ ልምጣ። የማታውን ምርመራ መኝታ ላይ ሆነሽ አታድርጊው፤ ከእራት በፊት ወይም ከማታው ጸሎት አስቀድሞ ተቀምጠሽ፣ ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ አድርጊው፣ በአቡነ ዘበሰማያትም ዝጊው። ከዘጋሽ በኋላ ሐሳቡ ተመልሶ ሲመጣ አትከራከሪው፤ «ነገ በጊዜው» ብለሽ ወደ ያዝሽው ሥራ ተመለሺ። በደብተሩ ላይ አንቺ ባለቤት የሆንሽባቸው ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ይጻፉ፤ በደልሽ ብቻ ሳይሆን ያደረግሽው ደግ ነገርም ይጻፍ፣ መርማሪ የሆነ ሁሉ ከሳሽ ብቻ አይደለምና። ሌሎች ባለቤት የሆኑበት ዓረፍተ ነገር ከእጅሽ ካመለጠ በአንድ መስመር ሰርዢው እንጂ ገጹን አትቅደጂ። በአንድ ወር ውስጥ የተሰረዙት መስመሮች እየቀነሱ መሄዳቸውን ራስሽ ታያለሽ።

ሰው ሁሉ የሚያይሽ ሲመስልሽ ደግሞ ግምትሽን ፈትኚው። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን ሊያሳፍራቸው የሚችል ሥዕል ያለበት ካናቴራ አልብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው፤ የለበሱት ሰዎች በክፍሉ ካሉት ግማሽ ያህሉ እንዳዩባቸው ገመቱ፣ በእርግጥ ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ያ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከተራ ዕለት ከአደባባዩ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ከሚተመው ሕዝብ መካከል አንቺ በየትኛው ረድፍ እንደቆምሽ የሚያስታውስ ስንት ሰው ይኖራል? ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልበት ቀን ሰው ሁሉ በራሱ ቀሚስ ተይዟል። በሚቀጥለው አገልግሎት ከመሄድሽ በፊት «እነ እገሌ ይህን ይሉኛል» ብለሽ የምትገምቺውን ጻፊ፤ ስትመለሺ በእርግጥ የተባለውን ከጎኑ አስፍሪ። የተባለውን ነው የምልሽ፤ የመሰለሽን አይደለም።

ስለ ስልክሽ አልጠየቅሽኝም፣ ነገር ግን ብዙ ዘማሪ ወጣቶች ቪዲዮአቸውን በቲክቶክና በቴሌግራም ስለሚለቅቁ ልጨምርበት። ላይክ መቼ እንደሚመጣና ስንት እንደሚሆን አይታወቅም፤ እንዲህ ያለ ያልታወቀ ሽልማት አንድን ልማድ ከሁሉ አብልጦ እንደሚያጸና ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ከቢ. ኤፍ. ስኪነር የላቦራቶሪ ሥራዎች ጀምሮ የታወቀ ነው። አሳብሽን ከምስጋና ለማላቀቅ እየጣርሽ በየሩብ ሰዓቱ የምስጋና ቆጣሪ የምትከፍቺ ከሆነ ድካምሽ ከንቱ ይሆናል። ቢያንስ የራስሽን ቪዲዮ አትልቀቂ፤ ሌላ ሰው ቢለቀው አስተያየቱን አታንብቢ።

ከዚህ ሌላ በወር አንድ ጊዜ ማንም የማያውቀው ደግ ሥራ ሥሪ። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅሽ ለሚቆም የቆሎ ተማሪ እናትሽ ሳታይ የዕለት ምግቡን ስጪው፤ ወይም የመዝሙር ልብሶቹን ተራሽ ሳይሆን አጥበሽ ተኩሰሽ ቦታቸው መልሺ። ለጓደኛሽ «ማን እንዳጠበው ታውቂያለሽ?» ማለት ሲያምርሽ ይሰማሻል፤ ያ ማማር ለጥቂት ደቂቃ ያስቸግራል፣ ከዚያ ይበርዳል። ይህ ልምምድ ቅድስና አይደለም፣ ለቅድስናም ዋስትና አይሆንም። የሚያሳይሽ አንድ ነገር ግን አለ፤ ሳይታይ የተደረገ ነገር በእርግጥ እንደተደረገ በራስሽ አካል ታውቂዋለሽ። እስከ አሁን በሰው ካልታየ እንዳልተደረገ ሲሰማሽ ነበርና ይህ ለአንቺ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ እናትሽ የጻፍሽው እውነትነት ሊኖረው ይችላል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ ልጅ «እንዲህ ከሆንሽ ብቻ ትወደጃለሽ» የሚል መልእክት ደጋግሞ ሲደርሰው ያንኑ መስፈርት የራሱ አድርጎ እንደሚያድግ አስተምሯል። ይሁን እንጂ እናትሽ የተናገረችው ምናልባት ለእርሷም የተነገራትን ይሆናል፤ ደግሞም ስለ እርሷ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ አንቺ አይደለሽም። የቀረ ቂም ካለሽ የዓመታቱን ሁሉ ዘርዝረሽ ለእርሷ ከምትናገሪ ይልቅ ለንስሐ አባትሽ ብትናገሪ ይሻላል።

ወደ ንስሐ አባትሽ ስትሄጂ ደብተሩን ሙሉ አታንብቢላቸው። የኑዛዜ ምሥጢር የተጠበቀ በመሆኑ የምትፈሪው ነገር የለም፤ ነገር ግን ኑዛዜ የሳምንቱ ሁሉ ዘገባ አይደለም። «ለመመስገን ብዬ አገልግያለሁ፣ በእኅቴ ምስጋና ቀንቻለሁ፣ ሰላምታዬንም ነፍጌያታለሁ» ብትዪ ይበቃል። የሚሰጡሽን ቀኖና ፈጽሚ፤ አንሷል ብለሽ በራስሽ ላይ አትጨምሪ። እንደ አንቺ ያለ በራሱ ላይ የሚከብድ ሰው ብዙ ጊዜ የተሰጠው ቀኖና ይቀለዋልና ይቅርታውን ማመን ያቅተዋል፤ ይህም ቢሰማሽ ሳትደብቂ ለእርሳቸው ንገሪያቸው።

የመጨረሻው ነገር እንቅልፍሽ ነው፤ ይህን ከመንፈሳዊው ጉዳይ ጋር አላደባልቀውም። ለሳምንታት እንቅልፍ ማጣትሽን ጽፈሻል። አሁንም ከቀጠለ፣ የምግብ ፍላጎትሽም ከቀነሰ፣ ሥራ ላይ ሐሳብሽን መሰብሰብ ካቃተሽ፣ ይልቁንም «ምነው ባልኖርሁ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ቀን ሳትቆጥሪ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወደሚገኘው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ። ጠበል የምትጠመቂ ከሆነ ጠበሉን ሳታቋርጪ ልትታከሚ ትችያለሽ፤ ሐኪም ያዘዘልሽን መድኃኒት ግን ጠበል ጀምሬያለሁ ብለሽ በራስሽ ፈቃድ አታቁሚ። ከመሄድሽ በፊት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደምትተኚ፣ በሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነቂና ይህ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው።